ኤሌክትሮላይት መተካት ምንድን ነው? "ጨው አለቀብኝ" ለምትሉ የባህር ዳር ሯጮች

አረ ባካችሁ ይሄ ኤሌክትሮላይት የሚባል ነገር ጉድ አፈላብን። አንዱ "ስትሮጥ ጨውህ ያልቃል፣ በየ15 ደቂቃው ካልጠጣህ ትወድቃለህ" ብሎ ቪዲዮ ለቀቀ፣ ቪዲዮው በቴሌግራም ሲዞር ሲዞር ባህር ዳር ደረሰ፣ አሁን ከጊዮርጊስ ተነስቶ አባይ ድልድይን ነክቶ የሚመለሰው ሁሉ ኦ አር ኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) የተበጠበጠበት ሃይላንድ ታቅፎ ነው የሚሮጠው። ለዛች መንገድ! እኔ ድንገተኛ ክፍል ስለምሰራ ነገሩ ከቀልድ ያልፍብኛል።

ኤሌክትሮላይት ማለት ደማችንና ላባችን ውስጥ የሟሙት ጨዎች ናቸው፣ ሶዲየም ፖታሲየም ክሎራይድ ምናምን የሚለውን ትምህርት ቤት ተምራችኋል፣ እሱን አልፈዋለሁ። ለሯጭ ዋናው ሶዲየም ነው፣ ያው የወጥ ጨው ውስጥ ያለው። ፖታሲየም በላብ የሚወጣው ጥቂት ነው፣ ፖታሲየም ይተካል የሚባለውን ሙዝ ስለሚጣፍጣችሁ ብሉት።

የሚያናድደኝ "አለቀ" የሚሉት ነገር ነው። ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል (የመጠን መለኪያ ነው) ነው፣ ላብ ውስጥ ያለው ግን ከሰው ሰው ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 80 ነው። ላብ ከደም ይቀጥናል ማለት ነው፣ ስለዚህ ስታልቡ ከጨው ይልቅ ውሃው ነው በብዛት የሚሄደው፣ ምንም ሳትጠጡ ብትሮጡ ደማችሁ ጨው አያጣም፣ እንዲያውም ይበዛበታል።

ሽሮ ጥዳችሁ ታውቃላችሁ አይደል። ጨው ልክ ሆኖ እሳት ላይ ረስታችሁት ሲንተከተክ ቢቆይ ውሃው ይተናል፣ ወጡ ይወፍራል፣ ጨዉም ይበረታል። ሳይጠጡ መሮጥ እሱ ነው። ከዛ ደንግጣችሁ ሁለት ጣሳ ውሃ ብትገለብጡበት ደግሞ ውሃ ውሃ ይላል፣ ጨው ጎደለው ትላላችሁ፣ ጨዉን ግን የወሰደው የለም፣ ውሃው ነው የበዛው። ሩጫ ላይ ሶዲየም ወረደ የሚባለው ባብዛኛው ይሄ ነው፣ ካላበው በላይ የጠጣ ሰው።

"እኔኮ ኤሌክትሮላይት ያለው ነው የምጠጣው" ይላል ባለቪዲዮው። እሺ፣ የተለመደው የስፖርት መጠጥ በሊትር 20 ሚሊሞል አካባቢ ሶዲየም ነው ያለው፣ ኦ አር ኤስ ራሱ በትክክል ሲበጠበጥ 75 ነው፣ የደም ግማሽ ገደማ። ያው ሽሮው ላይ በውሃ ፈንታ ቀጭን መረቅ እንደመጨመር ነው፣ ትንሽ ይሻላል እንጂ ማቅጠኑ አይቀርም። በሰላሙ ጊዜ ትርፉን ኩላሊት እየጨለፈ ይደፋልን ነበር፣ ረጅም ሩጫ ላይ ግን አንጎል "ውሃ ያዝ" የሚል ሆርሞን ይለቅና ኩላሊት ጭልፋውን ያስቀምጣል፣ እናንተ ከላይ ትጨምራላችሁ፣ ከታች የሚቀንስ የለም። ድስት ደግሞ አይጠማውም፣ ሰው ግን ይጠማዋል፣ ሲጠማችሁ ጠጡ፣ በሰዓት አትጠጡ።

እ.ኤ.አ. በ2002 ቦስተን ማራቶን ላይ ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው ሶዲየማቸው ወርዶ ተገኝቷል፣ በብዛት የተጠቁትም ሲሮጡ ክብደት የጨመሩትና ከ4 ሰዓት በላይ የቆዩት ናቸው። አዎ ሮጠው ክብደት የጨመሩ! በሌላ በኩል ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2009 ዱባይ ማራቶንን ሲያሸንፍ ከሰውነቱ ክብደት 10 በመቶ የሚጠጋ ነው የቀነሰው። እንደሱ ሁኑ እያልኩ አይደለም፣ ኃይሌን የሚያህል ሰው ስለሆነ ነው፣ ግን ትንሽ ውሃ መቀነስ በራሱ እንደማይጥል እዩልኝ።

ችግሩ ሶዲየም የወረደበት ሰው ምልክቱ ነው የሚያሳስተው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ መደናበር፣ ሲብስ መንቀጥቀጥ፣ ከሩቅ ሲያዩት ውሃ የጠማው ነው የሚመስለው፣ እና ጓደኞቹ ተሯሩጠው ሌላ ሃይላንድ ይግቱታል። እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ "ግሉኮስ ይሰቀልለት" ነው። ወገኖቼ፣ ግሉኮሱ ውስጥ ያለውን ስኳር ሰውነት ሲጨርሰው የሚቀረው ውሃ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ሰው ቤንዚን ነው። ቀለበቱ ጣቱ ላይ መጥበቡን፣ እጁ ማበጡን፣ ሲሮጥ ስንት እንደጠጣ ከተናገራችሁ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው የነገራችሁት።

ታዲያ ጨው መተካት ጭራሽ አያስፈልግም ወይ? ያስፈልጋል፣ ለሚያስፈልገው። በመጋቢትና ሚያዝያ ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሮጥ፣ ጥቁር ቲሸርቱ ሲደርቅ ነጭ ካርታ የሚስልበት፣ ከደጋ መጥቶ የጣናን ሙቀት ገና ያልለመደ (ሰውነት አንድ ሁለት ሳምንት ሙቀት ውስጥ ሲሰራ በላብ የሚያወጣውን ጨው መቆጠብ ይማራል)። ለሌላው ግን አንድ ሊትር ላብ ባማካይ ወደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው የሚወስደው፣ እሱን ቤት ገብታችሁ በእንጀራና በወጥ ትመልሱታላችሁ፣ የኛ ወጥ ደግሞ በጨው አይታማም። ሲሮጡ እግር የሚሸመቅቀውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ጡንቻ ሲደክም ነው፣ የሚሸመቅቃቸውና የማይሸመቅቃቸው ሯጮች ደም ሲመረመር ጨዋቸው ያው ሆኖ ነው የሚገኘው።

ኦ አር ኤሱን የግድ ካላችሁ ፓኬቱን አንብቡት፣ ያ የተለመደው ፓኬት ለአንድ ሊትር ነው። እናንተ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ሙሉውን ትገለብጡና ሆዴ ተገላበጠ ትላላችሁ፣ እጥፍ ወፍሮ ውሃውን ወደ አንጀት ስለሚስበው ነው። ሳትጠይቁኝ ልጨምር፣ የደም ግፊት ወይ የኩላሊት ችግር ያለበት፣ የሚያሸና መድሃኒት የሚወስድ ሰው ጨው በራሱ ፈቃድ አይጀምር። ጉልበቴን እንዳያመኝ ብላችሁ ከሩጫ በፊት ዳይክሎፌናክ የምትውጡም ተዉ፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ውሃም ያስይዛል።

መጠራጠር ከያዛችሁ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ ሄዳችሁ ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዘኑ፣ ላብ የጠጣውን ልብስ አውልቃችሁ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ አደባባይ ላይ ስለሆነ ጃኬቱንና ጫማውን ካወለቃችሁ ይበቃል። ትንሽ ቀንሳችሁ ከሆነ ልክ ናችሁ። ጨምራችሁ ከተገኛችሁ ግን ሽንት እስክትሸኑ ድረስ ምንም አትጠጡ፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ካለ ደግሞ ቀጥታ በባጃጅ ወደ ሐኪም።