የኬንያ ፓይፕላይን ኩባንያ ፓርላማ ፊት ሲቀርብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የኬንያ ፓይፕላይን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1973 በመንግሥት የተቋቋመ ድርጅት ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በሞምባሳ ወደብ የሚገባውን ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ኬሮሲንና የአውሮፕላን ነዳጅ ወደ ናይሮቢ፣ ከዚያም እስከ ኤልዶሬትና ኪሱሙ በቧንቧ ይገፋል። በዜና ስሙ ሲነሳ ግን ብዙ ጊዜ የፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ ጥያቄና መልስ ከሚወራው ውስጥ ደግሞ ብዙው ልክ አይደለም።

«ነዳጅ በተወደደ ቁጥር ፓርላማው ይህን ኩባንያ ይጠይቅ»

በሩ ይሄ አይደለም። የማደያውን የዋጋ ጣሪያ በየወሩ የሚያወጣው የኢነርጂና ፔትሮሊየም ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ነው። ኩባንያው የሚሰበስበው የማጓጓዣና የማከማቻ ክፍያ ነው፤ ታሪፉንም የሚወስንለት ያው ባለሥልጣን ነው። በቧንቧው የሚሄደው ነዳጅም የራሱ ሳይሆን የነዳጅ ነጋዴዎች ነው።

ኮሚቴው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው፦ አደራው ደህና ነው ወይ? በ2009 መጀመሪያ አደባባይ የወጣውን፣ ትራይተን የተባለውን የነዳጅ ነጋዴ ኩባንያ ቅሌት እንመልከት። አበዳሪዎች በመያዣነት የያዙት ነዳጅ፣ እነሱ ሳይፈቅዱ ከኩባንያው ማከማቻ ወጥቶ ተገኘ። ከ7 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ በላይ የሚያወጣ ነዳጅ ነው። እዚህ ላይ ስለ ማደያ ዋጋ መጨቃጨቅ ምን ይፈይዳል?

«ኦዲተር ያነሳው ገንዘብ ሁሉ ተበልቷል»

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ጋዜጣው «ይህን ያህል ቢሊዮን ጠፋ» ብሎ ይጽፋል፣ ሰውም «በሉት» ይላል። የኦዲት ጥያቄ ማለት ግን ብዙ ጊዜ «ማስረጃ አምጡ» ማለት ነው። ውሉ አልተገኘም፣ ክፍያው ከሥራው ጋር አልተመሳከረም፣ የመሬቱ ካርታ በድርጅቱ ስም አይደለም፣ ወይም ዕዳው ለዓመታት አልተሰበሰበም ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዳንዱ ወረቀት ሲቀርብ ይዘጋል። አንዳንዱ ደግሞ እውነትም ሌብነት ሆኖ ይገኛል።

በነዳጅ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ነዳጅ ሲሞቅ መጠኑ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል። ጥቂት ይተናል፤ ናፍጣና ቤንዚን በአንድ ቧንቧ ተከታትለው ሲሄዱም መገናኛቸው ላይ ይደባለቃል። ስለዚህ ትንሽ ጉድለት ሁልጊዜ አለ፤ ለዚያም የተፈቀደ ጣሪያ ይቀመጥለታል። ጎበዝ የምክር ቤት አባል «ስንት ሊትር ጎደለ?» ብሎ አያቆምም። ከጣሪያው በላይ የሄደው ስንት ነው፣ መለኪያው መቼ ተፈተሸ፣ ጉድለቱን ማን ከፈለ ብሎ ይቀጥላል። ጩኸት የበዛበት ስብሰባ ላይ እነዚህ ጥያቄዎች ሲነሱ ብዙም አይሰማም።

«ኮሚቴው ሥራ አስኪያጁን ሊያባርር፣ ሊያስር ይችላል»

አይችልም። ግን ጥርስ የለውም ማለት አይደለም። በ2010ሩ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 125 መሠረት የፓርላማ ኮሚቴ ምስክር በግድ ለማቅረብና ሰነድ ለማስመጣት የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዓይነት ሥልጣን አለው። ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ምርመራ የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ፣ ክስ የዐቃቤ ሕጉ፣ ፍርድ የፍርድ ቤቱ ሥራ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ነገር ይቀዘቅዛል፤ ኮሚቴውን ብቻ መውቀስ ግን ትክክል አይመስለኝም።

«አትራፊ ነው፣ ከበጀት አይወስድም፤ ፓርላማን ምን አገባው?»

የመንግሥት ንብረት እስከሆነ ድረስማ ያገባዋል፤ ሒሳቡን ዋና ኦዲተሩ ይመረምራል፣ ሪፖርቱም ለፓርላማ ይቀርባል።

«ኮሚቴው የሚያየው ዛሬ የሚሆነውን ነው»

እንደ ሕጉ ዋና ኦዲተሩ የበጀት ዓመቱ ካለቀ በ6 ወር ውስጥ ሪፖርት ያቀርባል፤ ፓርላማው ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ተወያይቶ ተገቢውን እርምጃ ይወስዳል። በተግባር ግን የብዙ ዓመት ሪፖርት ይከመራል። ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው «እኔ ያኔ አልነበርኩም» ይላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 226 ግን ለዚህ ሰበብ ቀዳዳ አልተወም፦ የሕዝብን ገንዘብ ከሕግ ውጭ እንዲወጣ ያደረገ ባለሥልጣን፣ ሥልጣን ላይ ቢኖርም ባይኖርም ጉዳቱን ይተካል።

ቧንቧው ደግሞ ኦዲት እስኪደርስ አይጠብቅም። በመስከረም 2011 ናይሮቢ ሲናይ በተባለው የድሆች ሰፈር ከኩባንያው መስመር የፈሰሰ ነዳጅ ተቀጣጥሎ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2015 በማኩዌኒ፣ ታንጌ አካባቢ ነዳጅ ፈስሶ የገበሬውን መሬትና ውኃ በከለ። ይህን የመሰለ አደጋ ከሒሳብ መዝገብ አይታይም። ከሞምባሳ ናይሮቢ ያለው የ1978ቱ መስመር 450 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ባለ 20 ኢንች ቧንቧ የተተካው በ2018 ነው፤ 40 ዓመት መሆኑ ነው። የጥገና መዝገብ አስቀርቦ የሚጠይቅ ኮሚቴ እዚህ ላይ ከሒሳብ መርማሪው ይበልጣል ባይ ነኝ።

«ወደ ግል ሲዞር ቁጥጥሩም ያበቃል»

በ2025 ብሔራዊ ምክር ቤቱ የኩባንያው ድርሻ እስከ 65 በመቶ እንዲሸጥ የቀረበውን ሰነድ አጽድቋል። ባለቤትነቱ ሲቀየር የኦዲቱ መንገድ ይቀየራል። ታሪፉንና ደህንነቱን የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ኮሚቴም ሊጠራው ይችላል።