የሚቲላ ሥዕል ምንድን ነው? ከጫጉላ ቤት ግድግዳ ወደ ወረቀት የተሻገሩ ሴቶች

የሚቲላ ሥዕል በምሥራቅ ህንድ በቢሃር ግዛት፣ ከድንበሩ ማዶም በኔፓል ቆላማ ምድር የሚኖሩ ሴቶች በቤታቸው ግድግዳና ወለል ላይ ሲሥሉት የኖሩት፣ ከ1960ዎቹ ወዲህ ደግሞ በወረቀት ላይ እየተሣለ ዓለም ያወቀው የሥዕል ዓይነት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ማዱባኒ እየተባለም ይጠራል። ማዱባኒ የወረዳው ስም ሲሆን ሚቲላ ሰፊው ጥንታዊ አገር ነው፤ ራማያና በተባለው ጥንታዊ የሂንዱ ትረካ የራማ ሚስት የሲታ የትውልድ ቦታ።

ስለዚህ ሥዕል የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ጥንታዊ ባህል» ብሎ ያልፋል። ውሸት አይደለም። ግን እንዲህ ሲባል ሠዓሊዎቹ ሁሉ አንዲት ስም የለሽ አያት ሆነው ይቀራሉ። እኔ ሥዕሉን የማስረዳው በሴቶቹ ሕይወት በኩል ነው፤ ማን ምን እንደሣለ የወሰኑት ትዳር፣ ድርቅና የተወለዱበት የካስት መደብ ናቸውና።

መነሻው ኮህባር ገር፣ በእኛ አነጋገር የጫጉላ ቤት ነው። ሙሽሮቹ የመጀመሪያ ሌሊቶቻቸውን በሚያሳልፉበት ክፍል ግድግዳ ላይ የቤቱ ሴቶች ክብ ክብ የሎተስ (የውኃ አበባ) ቅጠሎችንና በመካከላቸው ሰንጥቆ የሚወጣ ግንድ ይሥላሉ። ዙሪያውን ቀርከሃ፣ ዓሣ፣ ኤሊ፣ በቀቀን፣ ፀሐይና ጨረቃ ይከቡታል። ነገሩ በሥዕል የተባለ «ውለዱ ክበዱ» ነው። ወለሉ ላይ ደግሞ በሩዝ ሊጥ አሪፓን የሚባለውን ንድፍ ያወርዳሉ። ጥቁሩ ከጥላሸት፣ ቢጫው ከእርድ፣ ሰማያዊው ከኢንዲጎ ተክል ይወጣል፤ ብሩሹ ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠመጠመበት የቀርከሃ ስንጣሪ ነው። እርጥበትና ዝናብ ቀለሙን ያጠፉታል፣ ሌላ ሠርግ ሲመጣ እንደ አዲስ ይሣላል። የሚፈርምበት ሰው የለም።

ይህን ግድግዳ የውጭ ሰው ያየው በአደጋ ምክንያት ነው። በጥር 1934 ቢሃርንና ኔፓልን ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ቤቶችን ሲያፈርስ፣ ጉዳቱን ሊመለከት የወጣው ዊልያም አርቸር የተባለ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት ሹም በፈራረሱት ቤቶች ውስጥ ሥዕሎቹን አየ። ፎቶ አነሣቸው፣ በ1949ም ስለ እነርሱ ጽሑፍ አወጣ። የሠዓሊዎቹን ኑሮ ግን አልለወጠውም።

የለወጠው ረሀብ ነው። በ1966 እና 67 ቢሃርን ጽኑ ድርቅ መታው። የህንድ የእደ ጥበብ ቦርድን ትመራ የነበረችው ፑፑል ጃያካር ባስካር ኩልካርኒ የተባለ የቦምቤይ ሠዓሊ ወደ ማዱባኒ መንደሮች ላከች፤ ሴቶቹ ግድግዳ ላይ የሚሥሉትን በወረቀት ሥለው እንዲሸጡ እንዲያግባባ። ወረቀት ላይ የተጀመረው እንግዲህ ቤት ውስጥ እህል ስለጠፋ ነው። ጂትዋርፑርና ራንቲ የተባሉት መንደሮች ስም ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። የጂትዋርፑሯ ጃግዳምባ ዴቪ በ1975 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የመንግሥት ኒሻን ተቀበለች፤ የዚያው መንደር ነዋሪ ሲታ ዴቪ በ1981 ተከተለቻት። («ዴቪ» ለሴት የሚቀጠል የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ሁሉንም እህትማማች እንዳያስመስልብዎት።)

ስልቱም እንደ ካስቱ ይለያያል። የካህናቱ መደብ የብራህሚን ሴቶች የታወቁት ባርኒ በሚባለው፣ ወፍራም ዳር ተሰምሮ ውስጡ በደማቅ ቀለም በሚሞላው አሣሣል ነው። በጽሕፈት ሥራ የታወቁት የካያስታዎች ሴቶች ደግሞ በካችኒ ይታወቃሉ፤ ቀለሙ አንድ ወይም ሁለት ብቻ፣ ቀሪው ሁሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር።

ጋንጋ ዴቪ ከካያስታዎቹ ወገን ነበረች፤ ከሁሉም በላይ የምትገርመኝ እርስዋ ናት። በ1928 ተወለደች፣ ተዳረች። ባልዋ ሌላ ሚስት አገባና ጣውንት መጣባት፤ ለችግርና ለብቸኝነት ተዳረገች። የጫጉላ ቤት ሥዕል የሚመርቀው የተባረከ ትዳር ለእርስዋ አልሆነላትም፤ እጅዋ ግን ያንን መስመር ተክኖታል። ወረቀት ስታገኝ ከአማልክቱ ጎን ለጎን የሰው ልጅን የሕይወት ዑደት፣ ከእርግዝና ጀምሮ በተከታታይ ሥዕል አወጣችው። በ1985 በአሜሪካ ለተካሄደው የህንድ ፌስቲቫል ተጋብዛ ስትሄድ ሮለር ኮስተር የሚባለውን የመዝናኛ ባቡር አየች፤ እርሱንም በካችኒ መስመር ሣለችው። በኋላ ካንሰር ያዛት። ዴልሂ ለሕክምና በተመላለሰችበት ጊዜ ሆስፒታሉን፣ ሐኪሞቹንና የራስዋን ሕመም ሣለች። ባህል የጠበቀች ሴት ተብላ መወደስዋ ልክ ነው፤ ግን አያቷ የካንሰር ሕክምና አልሣለችም። በ1991 ከመሞትዋ በፊት በዴልሂ የእደ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ አንድ ሙሉ ኮህባር ሣለች። ይህ ግድግዳ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ በሙዚየሙ እድሳት ጊዜ ጠፋ። መንደር ውስጥ ቢሆን በሚቀጥለው ሠርግ ሌላ ሴት ትሥለው ነበር፤ ሙዚየም ሠርግ የለውም።

ከካስቱ መሰላል ታች ያሉት ሴቶች ዘግይተው ነው የገቡት። በ1970ዎቹ ከዳሊቶቹ የዱሳድ ወገኖች እነ ቻኖ ዴቪ ንቅሳትን መነሻ አድርገው ጎድና የተባለውን ስልት አመጡ። ሴቶች በክንዳቸው የሚነቀሱትን ክብና ነጠብጣብ በእበት ውኃ በተቀባ ወረቀት ላይ ደረደሩት፤ የራሳቸውን ጀግና የራጃ ሳልሄሽን ታሪክም ሣሉበት። ለእኔ ይህ ከሁሉ ይበልጥ ብልኃት የታየበት እርምጃ ነው፤ የሌላውን ስልት መኮረጅ ይቻላቸው ነበር።

የዱላሪ ዴቪ መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። የተወለደችው ከዓሣ አጥማጆቹ ከማላዎች ነው፤ ትምህርት ቤት አልገባችም። ራንቲ ውስጥ ታዋቂዋ ሠዓሊ ማሃሱንዳሪ ዴቪ ቤት ተቀጥራ ስትጠርግና ስታጥብ ሥዕሉን በዓይኗ ለቀመችው፣ ኋላም እዚያው ተማረችው። የምትሥለው የምታውቀውን ነው፤ ዓሣ አጥማጆችን፣ ገበሬዎችን፣ የመንደሯን ሰዎች። ማሃሱንዳሪ በ2011 ፓድማ ሽሪ ተሸለመች። በ2021 ያንኑ ኒሻን ዱላሪ ተቀበለች። በ2025 የህንድ የገንዘብ ሚኒስትር ኒርማላ ሲታራማን የዓመቱን በጀት ለምክር ቤት ያቀረበችው ዱላሪ የሣለችበትን ሳሪ ለብሳ ነው።

ዛሬ ወንዶችም ይሥላሉ፣ የፋብሪካ ቀለምም ገብቷል፤ በከረጢትና በሻርፕ ላይ የታተመው ርካሽ ቅጂ ገበያውን ሞልቶታል። በ2007 ሥዕሉ የመነሻ ቦታውን የሚያስጠብቅ የንግድ ምልክት ቢያገኝም ቅጂው አልቆመም። ለእኔ ትኩረት የሚገባው ሌላው ለውጥ ነው። በማዱባኒ ከተማ በ2003 በተከፈተው የሚቲላ ሥዕል ትምህርት ቤት አካባቢ ያደጉ ወጣት ሴቶች የሙሽሪት ቤተሰብ ለሙሽራው ወገን የሚከፍለውን ጥሎሽ፣ ፅንሱ ሴት መሆኑ ሲታወቅ የሚደረግን ውርጃ፣ በባል ቤት የሚደርስን በደል ይሥላሉ። መስመሩ ያው የኮህባር መስመር ነው፤ ዓሣውና ሎተሱም አልጠፉም። ድሮ ሙሽሪትን «ውለጂ» እያለ ይመርቃት የነበረው ሥዕል አሁን ሴት ልጅ ብትወልድ ምን እንደሚጠብቃት ይጠይቃል።