ክሩዝ ኮንትሮል፣ የናፍጣ ፒካፕና የጣርማበር ቁልቁለት

ባለፈው ኅዳር ከአጎቴ ጋር ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ነው ነገሩ የተነሳው። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን የደብረ ሲናን ቁልቁለት እንደጀመርን ክሩዙን፣ ማለት እግርህን ከነዳጅ ብታነሳም ያሰርክለትን ፍጥነት ይዞ የሚሄደውን መሣሪያ፣ 50 ላይ አሰርኩት። መኪናው የናፍጣ ፒካፕ ነው፤ ማንዋል፣ አራተኛ ማርሽ ላይ። እግሬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። የፍጥነት መለኪያው ቀስት 50 ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ 55 ሆነ። ኩርባው ጋ ስንደርስ 63። አጎቴ በወጣትነታቸው ኤንትሬ የሚባለውን የድሮ ጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ቀስቱን አዩና «ያሰርከው ነገር ተፈታ እንዴ?» አሉ።

አልተፈታም። የክሩዙ መብራት እንደበራ ነው። ክሩዙም አልተበላሸም። የተበላሸው እኔ ስለ ክሩዝ የማስበው ነበር።

«80 ላይ ካሰርከው 80 ነው፤ ዳገትም ሆነ ቁልቁለት።» በብዛት የምሰማው ይሄ ነው። ተራው ክሩዝ ግን የሚያዝበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ነዳጅ። ኮምፒውተሩ መኪናው የሚሄድበትን ፍጥነት ያነባል፣ ካሰርክለት ቁጥር ጋር ያስተያያል፣ ሲያንስ ናፍጣ ይጨምራል፣ ሲበልጥ ይቀንሳል። በቃ። በጫጫ ወይም በሸኖ ሜዳ ላይ ይሄ ይበቃል፤ ቀስቱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ቁልቁለት ላይ ግን ናፍጣውን ጨርሶ ይዘጋና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ፍሬን መያዝ አይችልም። ራዳር ያላቸው አዳዲሶቹ ክሩዞች ፍሬን ይይዛሉ፤ ይሁን እንጂ ረጅም ቁልቁለት በፍሬን ብቻ መውረድ የፍሬን ሸራ ማቃጠል ነው፣ የያዘው ሰውም ይሁን ኮምፒውተር።

«ናፍጣ ሞተር ጉልበተኛ ስለሆነ ቁልቁለት ላይ ራሱ አንቆ ይይዛል።» ይሄኛውን እኔም አምን ነበር። እስቲ የብስክሌት ፓምፕ አፉን በአውራ ጣትህ ድፈንና እጀታውን ግፋ። ይከብዳል። ልቀቀው፤ ተመልሶ ይመጣል። ናፍጣ ሞተር ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ ጉልበት ይወስዳል፣ የተጨመቀው አየር ደግሞ አብዛኛውን ጉልበት መልሶ ይሰጠዋል። ቤንዚን መኪና ላይ እግርህን ስታነሳ የአየር መግቢያው ይዘጋል፤ ሞተሩ በተዘጋ አፍ አየር ለመሳብ ሲታገል መኪናውን ወደኋላ ይጎትተዋል። ናፍጣ ላይ እንዲህ የሚያንቅ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች የጭስ ማውጫውን የሚዘጋ ተጨማሪ ፍሬን የሚገጠምላቸው ለዚህ ነው። ፒካፖቻችን አብዛኞቹ የላቸውም።

ታዲያ መፍትሔው ማርሽ ነው። ማርሽ በቀነስክ ቁጥር ሞተሩ ለአንድ ሜትር መንገድ ብዙ ጊዜ ይዞራል፣ መያዙም ይጨምራል። አጎቴ ይሄን ሁሉ ትንተና አልፈለጉም። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ብለው ዝም አሉ። ሦስተኛ አገባሁ። ፍሪሲዮን ስትረግጥ ክሩዙ በራሱ ስለሚለቅ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ታች በእግሬ ነዳሁ። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። መሃል ላይ የቆመ አይሱዙ አልፈናል፤ የሸራው ሽታ በተዘጋ መስኮት ይገባ ነበር።

ስንመለስ ደግሞ ሌላኛው የተሳሳተ እምነት መጣ፤ «ዳገት ላይ ፍጥነት ከቀነሰ ክሩዙ ደክሟል።» አይደለም። ክሩዙ ያለውን ናፍጣ ሁሉ ሰጥቷል፤ የደከመው በዚያ ማርሽ ያለው ሞተር ነው። ማንዋል መኪና ላይ ክሩዙ ማርሽ ሊቀይርልህ አይችልም። አውቶማቲክ ይቀንሳል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱ ትንሽ ከወረደ በኋላ ነው። ከፍታውም አለ። ጣርማበር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ አብዛኛውን ይክሳል፤ ግን ቱርቦ የሚነሳው ሞተሩ ሲዞር ነው። በአምስተኛ ማርሽ እየተንገታገተ የሚወጣ መኪና ላይ ቱርቦው ገና አልነቃም። 10 ኩንታል ድንች ከኋላ ካለማ ተወው።

«ክሩዝ ሁልጊዜ ነዳጅ ይቆጥባል።» ሜዳ ላይ አዎ፣ እግራችን ስለሚቅበጠበጥ። የክሩዝ ፈልሳፊ አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ቲተር ማየት የተሳነው ሰው ነበር፤ እንደሚባለው ሐሳቡ የመጣለት ጠበቃው እያወራ ሲነዳ መኪናው አንዴ ሲፈጥን አንዴ ሲዘገይ ስለመረረው ነው። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1950 አገኘ፣ በ1958 ክራይስለር መኪኖቹ ላይ ገጠመው። ወጣ ገባ መንገድ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ክሩዝ ፊት ለፊቱ ያለውን ዳገት አያይም። ጫፍ ልትደርስ 20 ሜትር ሲቀርህ አንተ እግርህን ታላላለህ፤ እሱ ናፍጣ እየረጨ ነው።

«የስልኬ ጂፒኤስ 76 ይላል፣ ቀስቱ 80፤ ክሩዙ ይዋሻል።» ክሩዙ የተከተለው የመኪናውን ንባብ ነው። ቀስቱ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ በብዙ አገር ሕግ ስላለ፣ አምራቾች ትንሽ ከፍ አድርገው ይሰሩታል። ትልቅ ጎማ ስታስር ደግሞ ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ከ265/65 አር 17 ወደ 265/70 አር 17 ብትቀይር ጎማው ከ3 በመቶ በላይ ይተልቃል፤ ቀስቱ ያው ሆኖ መኪናው ያንኑ ያህል ከበፊቱ ይፈጥናል።

ጉም፣ ዝናብ፣ ወይም ጋሪ የበዛበት የደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ ክሩዝ አይታሰርም። ይሄ ማብራሪያም አይፈልግ።

የመጨረሻው የተሳሳተ እምነት ገንዘብ ሊያስወጣኝ ነበር፤ «ክሩዝ አልይዝም ካለ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል።» መጀመሪያ ፍጥነትህን እይ፤ ብዙዎቹ ከ40 በታች አይያዙም። የእኔ ግን በ80ም እምቢ አለ። አንድ ጋራዥ ኮምፒውተሩ ይቀየር አሉኝ፣ ዋጋውን ሰምቼ ቁልፌን ተቀበልኩ። ማታ አጎቴ ከኋላ ቆመው ፍሬን እንድረግጥ ነገሩኝ። «አልበራም» አሉ። ልክ ናቸው፤ ከፔዳሉ ሥር ያለው የፍሬን መብራት ስዊች ሞቷል። ፍሬን መረገጡን ማወቅ ካልቻለ ክሩዙ አይያዝም፣ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሰራው። በማግስቱ ስዊቹን ቀየርኩ፣ ከሸኖ በታች 80 ላይ አሰርኩት፣ ያዘ።