የሚወዱትን ማድረግና ለነገ መቆጠብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በሸዋ ሮቢት የወር ገቢ ያላቸው ወጣቶች ስለ ገንዘብ ሲጨዋወቱ ደጋግሞ የሚነሣ ክርክር አለ። አንዱ ወገን ለፈረስ፣ ለካሜራ፣ ለበገና ወይም ለእግር ኳስ የሚወጣውን ብር ሁሉ ብክነት ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ለማይታወቅ ነገ ብሎ ዛሬን መንፈግ ሞኝነት ነው ይላል። ሁለቱም ግን ፍላጎትና ቁጠባ አብረው አይሄዱም በሚለው ይስማማሉ፤ ትልቁ ስሕተት ያለውም እዚሁ ላይ ይመስለኛል።

«ለመቆጠብ የሚወዱትን ነገር መተው ግድ ነው»

እውነታው፦ ሙሉ ክልከላ ለጥቂት ወራት ሊሠራ ይችላል፤ የታፈነው ፍላጎት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ገንፍሎ የተጠራቀመውን ይዞ ይሄዳል። በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚኖሩት መንዞች በዚህ ረገድ የቆየ ጥበብ አላቸው። ጓሳ የተባለውን የጋራ የሣር ምድራቸውን ለትውልዶች የጠበቁት ስፍራውን ለዘለዓለም በመከልከል ሳይሆን፣ ቄሮ በተባለው ባህላዊ ሥርዓት ለተወሰኑ ዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ለአጨዳ በመክፈት ነበር። የሚዘጋበትም የሚከፈትበትም ጊዜ የታወቀ በመሆኑ ሰው ተራውን ለመጠበቅ አይቸገርም ነበር። ገንዘብም እንዲሁ ልክና ጊዜ ይፈልጋል። ለምሳሌ በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ሰው ደመወዙ በገባበት ዕለት 1,500 ብር ለቁጠባ፣ 700 ብር ደግሞ ለሚወደው ነገር በተለየ ሒሳብ ቢያስቀምጥ፣ 700ውን ሲያወጣ ኅሊናው አይወቅሰውም፤ ሲያልቅም እስከሚቀጥለው ወር መታገሥ አይከብደውም።

«ከወጪ የተረፈውን እቆጥባለሁ»

እውነታው፦ አይተርፍም። ወጪ ያገኘውን ገንዘብ ያህል ይሰፋልና ቁጠባው መቅደም አለበት።

«ጥሩ ዕቃ ከገዛሁ ወጪው አለቀ»

እውነታው፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ ይህን በግልጽ የሚያሳየው ፈረስ ነው። በጥምቀት ሰሞን ጉግስ አይቶ ልቡ የተነሣሣ ሰው የሚያሰላው የፈረሱን ዋጋ ብቻ ነው፤ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ገብሱ፣ ጭዱ፣ የጠባቂው ክፍያና የእንስሳት ሐኪሙ ግን ጉግሱ ካለፈ በኋላም ወር በወር ይመጣሉ። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የአንድ ዓመቱን ወጪ በወረቀት ላይ መደመር፣ ከተቻለም ለጥቂት ወራት በውሰት ወይም በኪራይ መሞከር ይገባል። ካሜራና የሙዚቃ መሣሪያም ከዚህ አይለዩም።

«ዕቁብ ስላለኝ ቁጠባ አያስፈልገኝም»

እውነታው፦ ዕቁብን የማከብረው ባንክ ብዙ ጊዜ የማይሰጠውን የጓደኛ ይሉኝታና የዳኛ ቁጥጥር ስለሚሰጥ ነው። ሆኖም አሠራሩን መረዳት ያሻል። 20 ሰዎች በወር 1,000 ብር ሲጥሉ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው 20,000 ብሩን ወለድ በሌለው ብድር እንደወሰደ ይቆጠራል፤ የመጨረሻው ደግሞ ወለድ የማያገኝ ቆጣቢ ነው። በመጀመሪያው ወር በደረሰው ዕጣ ካሜራ የገዛ ሰው ዕዳ ገብቷል እንጂ አልቆጠበም፤ ቀሪዎቹን 19 ወራት መጣል አለበት፣ ቢያቋርጥም ጣጣው ለዋሶቹ ይተርፋል። ከዚህም በላይ ዕቁብ ለድንገተኛ ሕመም ወይም ሥራ ለማጣት ዋስትና አይሆንም፤ ዕጣው የሚወጣው ችግሩ በመጣበት ቀን አይደለምና።

«ብር ዋጋው ስለሚወድቅ መቆጠብ ከንቱ ነው»

እውነታው፦ የዚህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያሳደገው በ2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ የመግዛት አቅሙን እንዳጣ መካድ አይቻልም። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉንም እንዝናናበት» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዋጋው የቀነሰ ብር ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ከባዶ እጅ ይሻላል። የሦስት ወር ያህል የቤት ወጪ በባንክ ማቆየት የሚመከረው እንዲያተርፍ ሳይሆን በተፈለገበት ሰዓት እንዲገኝ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ገጠር ቤተሰብ ያለው ሰው በበግ ሊያኖረው ይችላል፤ የመንዝ ገበሬ በግን እንደ ተቀማጭ የሚያየው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን በግም ይታመማል፣ በድርቅ ይከሳል፣ ዋጋውም በዐቢይ ጾም ቀዝቅዞ ለፋሲካ ይወደዳል። ስለዚህ ለዕለት ችግር በጾም መካከል በግ የሚሸጥ ሰው ይከስራል፤ ከዚህ የሚያድነውም ያው ባንክ ያለው ጥቂት ብር ነው።

«ጡረታ ስላለኝ ስለ እርጅና አላስብም»

እውነታው፦ በግል ድርጅት የተቀጠረ ሰው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜም 60 ዓመት ነው። የጡረታ አበሉ ግን የሚሰላው ከመሠረታዊ ደመወዙ እንጂ ከአበልና ከጥቅማጥቅም ስላልሆነ፣ ገቢው ከፍ ያለ የሚመስለው ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ ያልጠበቀው ቅናሽ ይገጥመዋል። መዋጮው በእርግጥ ገቢ መደረጉንም በማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ቀርቦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ አሠሪ ከደመወዝ ቆርጦ ሳያስገባ ይቆያልና፣ ይህንን በ30 ዓመት ዕድሜ ማወቅና በ58 ዓመት ማወቅ እጅግ ይለያያሉ።