ክረምት በመሀል አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች

የትምህርት ዘመን መስከረም ላይ ተከፍቶ ሰኔ ላይ ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ ለተማሪው እረፍት ናቸው። ለትምህርት ቤቱ ግን የዓመቱ ወሳኝ ሳምንታት ናቸው። በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎ፣ በፒያሳና በልደታ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች ያለፈው ዓመት የሚገመገመውም፣ የሚመጣው የሚታቀደውም በዚህ ጊዜ ነው።

አካባቢው የሀገሪቱ ዘመናዊ ትምህርት የተጀመረበት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ተከፈተ። ተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም. ተከተለ። የጣሊያን ወረራ ሥራውን አቋረጠው።

ከነፃነት በኋላ የስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ሲጠናከር ክረምት የመምህራን መማሪያ ሆነ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ አስተማሪዎች ደብተር ይዘው ተማሪ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። ልማዱ ዛሬም አለ። በየትምህርት ቤቱ ካሉ አንጋፋ መምህራን ጥቂት የማይባሉት ዲግሪያቸውን የያዙት በክረምት ፕሮግራም ነው። ዓመቱን ሙሉ አስተምሮ፣ በዝናብ ተመላልሶ መማር ቀላል ነገር አይደለም፤ ክብር ይገባዋል።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። የከተማ መምህራንና ተማሪዎች ክረምቱን በማስተማር አሳለፉ። ዘመቻው በ1972 ዓ.ም. ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። ውጤቱ ምን ያህል እንደዘለቀ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በጽሑፍ የተደገፈው የክረምት ሥራ በብዛት የሚገኘው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም ሲመጣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ራሱን እንዲገመግም ተደረገ። ግለ ግምገማው አራት ጉዳዮችን ያያል፦ መማር ማስተማርን፣ ምቹ የትምህርት አካባቢን፣ አመራርንና የኅብረተሰብ ተሳትፎን። ከዚያ የሦስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ ይወጣል፤ ዕቅዱ በየዓመቱ ይከለሳል። ከጎኑ ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ አለ። መምህራን በአጭሩ «ተሙማ» ወይም «ሲፒዲ» ይሉታል። መመሪያው ለአንድ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ይጠይቃል። በቅርብ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል ተሰባስበው ልምድ ይለዋወጣሉ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል። ሥራው በተግባር የሚጀምረው ግን ከሮስተር፣ ማለትም የክፍሉ ተማሪዎች ውጤት ከሚሰፍርበት ሰንጠረዥ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ የክፍል ኃላፊው ውጤቱን ሞልቶ፣ ደምሮ፣ ደረጃ አውጥቶ ይጨርሳል። ካርድ ይሰጣል። ብዙ ቦታ ነገሩ እዚህ ያበቃል፤ ሮስተሩ ሪከርድ ቢሮ ይገባና ይቆለፍበታል። በደንብ የሚሠራበት ትምህርት ቤት ውስጥ ግን የትምህርት ክፍሉ መምህራን ሮስተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። የ7ኛ «ለ» ሒሳብ ከ7ኛ «ሀ» ለምን ወረደ? ክፍልፋይ ላይ የተሰጠውን ጥያቄ ስንቱ ሳተው? ያ ምዕራፍ የተማሩበት ሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ባከነ? የፈተናው ወረቀት እጅ ላይ እያለ፣ የልጆቹ ስምና ፊት ከአእምሮ ሳይጠፋ መልሱ ይገኛል። ነሐሴ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። መምህሩ ክሊራንሱን ጨርሶ፣ ቁልፉን አስረክቦ ቤተሰቡ ጋ ሄዷል። ስለዚህ የክረምቱ ዋጋ የሚወሰነው በመጀመሪያው ሳምንት ነው ማለት ይቻላል።

የክረምቱ ግምገማ እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል። ሪፖርት ተነቦ፣ ሻይ ተጠጥቶ የሚበተን አለ። ዳይሬክተሩ ራሱ የሚገመገምበትም አለ። ሁለተኛው ያለ ጥርጥር ይሻላል፤ አስተማሪ አፉን የሚከፍተው አለቃው ሲሰማ ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ጉዳይ የራሱ ችግር አለው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ በኋላ በመጀመሪያው ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩ ሁሉንም አስደንግጧል። ነገር ግን ውጤቱ የሚወጣው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ወይም ካለቀ በኋላ ነው። ዕቅዱ ይህን እስኪጠብቅ ድረስ ጊዜው ያልፋል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በራሳቸው የሞዴል ፈተና መተማመን ያለባቸው ለዚህ ነው።

በ2016 ክረምት ትምህርት ሚኒስቴር የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በየዩኒቨርሲቲው ሰብስቦ በትምህርት ይዘትና በማስተማር ዘዴ አሠልጥኗል። ጥሩ ጅምር ነው። አንዳንዶች ሥልጠናው ክፍል ውስጥ ካለው እውነታ የራቀ ነው ይላሉ፤ ይህ እንደ አሠልጣኙ ሳይሆን አይቀርም።

በራሱ መንገድ ማንበብ የሚፈልግ መምህር በአቅራቢያው ሁለት ጥሩ ቤተ መጻሕፍት አሉት፦ አንጋፋው ወመዘክርና አራት ኪሎ ያለው አብርሆት።

ግቢውም ይታደሳል። ወንበር ይጠገናል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ ቦይ ይጠረጋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው ንቅናቄ ወላጆችንና የቀድሞ ተማሪዎችን ለዚህ ያስተባብራል። የቀድሞ ተማሪዎች ለተማሩበት ግቢ ያላቸው ፍቅር በመሀል ከተማ ጠንካራ ነው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ምዝገባ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድልና የዓመቱ ዕቅድ ይመጣሉ። የመምህራን ዝውውርም በዚሁ ሰሞን ይወጣል፤ ዕቅዱን ያወጣው ሰው መስከረም ላይ ሌላ ትምህርት ቤት ሊገኝ ይችላል። የተቀየረው መምህር ስለ ክፍሉ ሁለት ገጽ ማስታወሻ ለተተኪው እንዲተው የሚያደርጉ ዳይሬክተሮች አሉ። መመሪያ ያስገደዳቸው አይደለም። ተተኪው ግን ማን ማንበብ እንደሚቸገር፣ የትኛው ምዕራፍ ሳይሸፈን እንደቀረ ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል።