ወባና የቤት ውስጥ ውሳኔ፦ የሴቶችን ድርሻ በተመለከተ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአገራችን ወባ በብዛት የሚበረታው ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና እንዲገኝ ይመከራል፤ ከእነዚህ ሰዓታት ጥቂት የማይባሉት ግን የሚያልፉት እቤት ውስጥ፣ «እንሂድ ወይስ እንቆይ» በሚለው ምክክር ነው።

«ስለ ሕክምና የሚወስነው ባል ብቻ ነው፤ ሚስት የምትታዘዝ ናት።»

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከባለትዳር ሴቶች 71 በመቶው ስለ ራሳቸው ጤና፣ ስለ ትልልቅ የቤት ግዢዎችና ዘመድ ስለ መጠየቅ በሚደረጉት ውሳኔዎች ሁሉ፣ ብቻቸውን ወይም ከባላቸው ጋር እንደሚሳተፉ ተናግረዋል። ከቁጥሩ በላይ መስተዋል ያለበት ግን «ውሳኔ» የምንለው ነገር ተከታትለው የሚመጡ የብዙ ትንንሽ ውሳኔዎች ድምር መሆኑ ነው። በሌሊት የልጁን ግንባር ዳስሳ ትኩሳቱን ቀድማ የምታውቀው እናት ናት፤ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ የምትቀጥፈው፣ ወይም መንቀጥቀጡን አይታ «ይህስ ወባ ነው» የምትለውም እርሷ፣ አለዚያም አማቷ ናት። ለበሽታው የተሰጠው ስም ቀጣዩን እርምጃ ይወስናል፦ ምች ከተባለ ልጁ እቤት ይቆያል፣ ወባ ከተባለ ጤና ኬላ የመሄድ ነገር ይነሳል። ባል ብዙ ጊዜ የሚገባበት ከዚህ በኋላ፣ ገንዘብ ወይም ተሸካሚ ሲያስፈልግ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ምችና ወባ በእጅ ዳሰሳ ሊለዩ አይችሉም፤ በወባማ አካባቢ ትኩሳት ያለው ሁሉ የጣት ደም ምርመራ ሊያደርግ ይገባል።)

«እናቶች የሚዘገዩት ስለማያውቁ ነው።»

ይህ ግማሽ እውነት አለው። በትግራይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከእናቶች መካከል የተመረጡ አስተባባሪዎች ጎረቤቶቻቸውን የወባን ምልክት እንዲለዩና በዘመኑ ይሠራበት የነበረውን ክሎሮኪን እቤት ፈጥነው እንዲሰጡ ሲያስተምሩ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ከሌሎቹ አካባቢዎች ጋር ሲነጻጸር በ40 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሆኖም እናቶቹ ከእውቀቱ ጋር መድኃኒቱንም ከጎረቤት ያገኙ ነበር፤ በእኔ ግምት የማንንም ኪስ ሳይጠብቁ ፈጥነው እንዲነሱ ያስቻላቸው የሁለቱ መገናኘት ነው። ዛሬ መድኃኒቱ ተለውጧል፣ ከምርመራ በፊትም እንዲሰጥ አይመከርም፤ ስለዚህ አሠራሩን እንዳለ መድገም አይገባም።

«በጤና ኬላ ሕክምናው ነጻ ስለሆነ ገንዘብ ምክንያት አይሆንም።»

ምርመራውና መድኃኒቱ ነጻ ቢሆኑም ቀኑ ነጻ አይደለም፤ የወባ ወቅት የአጨዳ ወቅት ነውና። ባል ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራ ወይም ወደ መተማ በሄደበት ቤት፣ ሕመሙ ከጤና ኬላ አልፎ ወደ ሆስፒታል ቢያስኬድ የመጓጓዣው ወጪ የሚሸፈነው አንድም በብድር፣ አንድም ሚስት ከእንቁላልና ከቅቤ ካጠራቀመችው ነው። በእጇ ትንሽ ገንዘብ ያላት ሴት መልእክት ልካ መልስ ሳትጠብቅ ልጇን አዝላ ትነሳለች።

«የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሴቶች ስለሆኑ ችግሩ ተፈቷል።»

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ይህ ፕሮግራም ሴት ለሴት ሳትሸማቀቅ እንድትናገር በእጅጉ ረድቷል። ነገር ግን ሠራተኛዋ በቀን ቤት ስትጎበኝ የምታገኘው ሚስትን ነው፤ ባል እርሻ ላይ ስለሚውል ምክሩ የሚደርሰው፣ ከደረሰም፣ በሚስቱ አፍ ነው።

«ለልጇ ፈጥና የምትሄድ እናት ለራሷም ትሄዳለች።»

ብዙዎቹ አይሄዱም፤ የራሳቸውን ትኩሳት ድካም ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ነፍሰ ጡር ስትሆን ግን ወባ በእርሷ ላይ ይበልጥ ይከፋል፤ ለደም ማነስና ለውርጃ፣ ክብደቱ ያነሰ ልጅ ለመውለድም ያጋልጣታል። ስለዚህ በእርግዝና ክትትል ጊዜ የሚሰጠው ምክር ለባልና ለአማትም ሊነገር ይገባል፤ የልጁን ግንባር የምትዳስሰው እርሷ ስትሆን የእርሷን የሚዳስስ ሌላ ሰው ያስፈልጋልና።