«ታሪካዊ ቦታ አይደል እንዴ?»

ደቡብ ሕንድ፣ ማዱራይ ከተማ ልማር መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። ከአገር ቤት ለሕክምና ከሚመጣ ሰው ጋር አስታማሚ አይጠፋም። እሁድ ሲደብራቸው «እስቲ ያንን ቀለማም ቤተ መቅደስ አሳየን» ይሉኛል። የሂንዱዎቹን አምላክ፣ የሚናክሺን ማለታቸው ነው፤ ሴት አምላክ ናት። መውሰዱ ደስ ይለኛል። ያደከመኝ ሁሌ የምሰማው ያው ወሬ ነው።

ቀላል ቀላሉን ላራግፍ።

«ጣዖቷ ያለችው ረጅሙ ማማ ውስጥ ነው።» አይደለም። 14ቱ ማማዎች ጎፑራም ይባላሉ፤ የበር ማማዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1559 የተሠራው የደቡቡ ማማ 52 ሜትር ገደማ ነው፣ ሥሩ ግን መተላለፊያ ነው። እሷ ያለችው መሀል ላይ፣ ዝቅ ባለ፣ ጣሪያው ወርቅ በለበሰ ቤት ነው።

«ሕንጻው ሁለት ሺህ ዓመት ሞልቶታል።» ቦታው ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1311 የዴሊ ሱልጣን ጦር ከተማዋን ዘረፈ። ዛሬ የምታዩትን አብዛኛውን ናያክ የሚባሉት የማዱራይ ገዢዎች በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት ነው። ቀለሙማ በየ12 ዓመቱ ገደማ ይታደሳል።

«የሺህ ምሰሶ አዳራሽ።» 985 ነው።

«የሺቫ፣ የታላቁ የሂንዱ አምላክ፣ ሚስት ስለሆነች ተከታይ ናት።» እንኳን ልትከተል! በአፈ ታሪኩ ሚናክሺ የፓንድያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ነግሣ ጦር መርታለች። ሺቫ ነው ሊያገባት ማዱራይ የመጣው። አማኙም መጀመሪያ እሷን ይሳለማል፣ ከዚያ ወደ ባሏ ያልፋል። ቤቷ ነዋ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ታሪካዊ ቦታ አይደል እንዴ? ለምን አልገባም?»

ሂንዱ ያልሆነ ሰው ግቢውን፣ ኮሪደሮቹን፣ የወርቅ ሎተስ የሚባለውን ኩሬ ያያል። ሚናክሺ ካለችበት ክፍል ግን አይገባም። በሩ ላይ ተጽፏል። ባለፈው አንድ ጋሼ፣ የተማሩ ሰው፣ እዚያ በር ላይ ጥበቃውን በእንግሊዝኛ ያዙት። ከፍዬ እገባለሁ አሉ። ጥበቃው ጽሑፉን አሳያቸው። እሳቸው ብር አሳዩት። ከኋላችን ፀጉራቸው ላይ ጃስሚን አበባ የሰኩ ሴቶች ኮኮናታቸውን ይዘው ቆመዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ጋሼ፣ ላሊበላ መጥቶ መቅደስ ገብቼ ታቦቱን ካላየሁ የሚል ፈረንጅ ምን ይሉታል?» አልኳቸው።

«እሱማ ሌላ ነው።»

ምኑ ነው ሌላ? ላሊበላም ታሪካዊ ነው። ላሊበላም ይቀደስበታል።

ክልከላ ሁሉ ልክ ነው አልወጣኝም። ዳሊት የሚባሉት፣ «የማይነኩ» ተብለው የተገለሉት፣ ሂንዱ ሆነው ሳለ፣ እዚህ ቤት እስከ እ.ኤ.አ. 1939 አይገቡም ነበር። በዚያ ዓመት ጁላይ 8 ኤ. ቫይድያናታ አይየር የተባለ የነጻነት ታጋይ ይዟቸው ገባ። እነሱ ግን የመጡት ሊሳለሙ ነው። ሙዚየም ያማረው ሰው ባለ 985 ምሰሶው አዳራሽ ይግባ። እሱ የምር ሙዚየም ነው፣ ትኬትም ይቆረጥበታል።

በቁምጣ አትምጡ። ነጠላ ካላችሁ ያዙ፣ ትከሻ ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2018 እሳት ከተነሳ ወዲህ ስልክ አይገባም፤ በር ላይ ታስረክባላችሁ። «ደብቄ አስገባዋለሁ» የሚለኝን ሰው ሁለተኛ አልወስደውም። ቀትር ላይ ዝግ ነው፣ ድንጋዩም ባዶ እግር ይጠብሳል። ማታ ኑ።

ማታ ወደ ሦስት ሰዓት ግድም፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የሺቫን የእግር ምስል በብር ባጌጠ መሸከሚያ አድርገው ወደ ሚናክሺ መኝታ ክፍል ይወስዱታል። ሁሌም፣ በየማታው። ከበሮ፣ መለከት፣ የዕጣን ጭስ። በሯ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ያራግቡለታል። ይህን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ማንም ያያል።

ጋሼንም ማታውን መልሼ አመጣኋቸው። ጭሱ ሲደርስብን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ገባ፣ ስልክ ፍለጋ። የለም። እጃቸውን አውጥተው ባርኔጣውን በሁለት እጃቸው ያዙና ዝም ብለው ቆሙ።